የእንጨት ዓሣና የጀልባዋ ወንበር

ጀልባዋ ሁለት ወንበር ብቻ ነበራት። ይህን ካላወቃችሁ የቀረው ነገር አይገባችሁም። የአሉሚኒየም ጀልባ ናት። ከኋላ ሞተሩ ጋ ያለው ወንበር የጎረቤቴ ነው፣ ከፊት ያለው የኔ። ሦስተኛ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ የለም።

ጎረቤቴ ፈረንጅ ነው። ሲያትል ውስጥ፣ ቢከን ሂል ላይ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ከብረት ሥራ በጡረታ የወጣ፣ በዕድሜ ከኔ ትንሽ ከፍ የሚል ሰው። ያደገው ዊስኮንሰን ነው። እዚያ መስኪ የሚባል ዓሣ አለ። ርዝመቱ የሰው እግር ያህላል፣ አፉ እንደ ዳክዬ ጠፍጣፋ ሆኖ ውስጡ ጥርስ በጥርስ ነው። የጎረቤቴ አባት ዕድሜ ልኩን ይህን ዓሣ ሲያሳድድ ኖሮ ሞተ፣ ልጁም ያንኑ ወረሰ። በኛ በኩል መስኪ አልነበረም። ኋላ ግን የመንግሥት ሰዎች አርብተው ከሲያትል ሁለት ሰዓት ያህል በስተደቡብ ያለ አንድ የግድብ ሐይቅ ውስጥ ለቀቁት። ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ ወጣት ሆነ።

መስኪ በትል አይያዝም። ኩሩ ነው። ትልቅ ነገር ካላየ አፉን አይከፍትም። ስለዚህ ከእንጨት ዓሣ ይሠራለታል፤ ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ፣ ሆዱ ስር መንጠቆ የተንጠለጠለበት፣ ውኃ ውስጥ ሲጎተት እንደ ቆሰለ ዓሣ ወዲያ ወዲህ የሚል። እነሱ ሉር ይሉታል። እኔ የእንጨት ዓሣ ነው የምለው።

እኔ አናጢ ነኝ። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙ አላለፈም፤ ይህንንም የምጽፈው እየቆምኩ እያረፍኩ ነው። ደሴ ሳለሁ አልጋና ቁም ሣጥን ስሠራ ነው የኖርኩት። ልጄ አስመጥታኝ አሜሪካ ስገባ ግን አናጢነቴን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሲታክ ኤርፖርቱ አጠገብ ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ ገባሁ። እንግሊዝኛዬም የፓርኪንግ እንግሊዝኛ ነው፦ ቲኬት፣ ቁልፍ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ።

አንድ ቀን ጎረቤቴ አጥሩ ሥር ተቀምጦ የእንጨት ዓሣውን ገልብጦ እያየ ሲያጉረመርም አየሁት። ዓሣው ድንጋይ መትቶ ለሁለት ተሰንጥቋል። እጄን በአጥሩ ላይ ዘርግቼ «ስጠኝ» አልኩት። ሰጠኝ። አገላብጬ ሳየው በፋብሪካ መኪና የተሠራ የውሸት ሥራ ነው። መንጠቆው የተያዘው እንጨቱ ላይ በተጠመዘዘች ትንሽ ቪቴ ነው፤ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ዓሣውም መንጠቆውም አብሮ ይሄዳል።

አልጠገንኩለትም። አዲስ ሠራሁለት። አሮጌ የአጥር እንጨት ነበረው፤ ሲዳር ይሉታል፣ ቀላልና መዓዛ ያለው እንጨት ነው። እሱን ቆርጬ፣ በመላጊያ ልጬ፣ በሞረድ ቅርፅ አውጥቼ፣ ከአፉ እስከ ጭራው በትራፓኖ በስቼ አንድ ወፍራም ሽቦ አሳለፍኩበት። እንጨቱ ዱቄት ቢሆን እንኳ ሽቦው ዓሣውን ይዞ ይቀራል። ሆዱን በስቼ እርሳስ አቅልጬ አፈሰስኩበት። ከአገጩ ሥር ደግሞ እንደ ማንኪያ የወጣች የአሉሚኒየም ምላስ ሰካሁ፤ ውኃው እሷን ሲገፋ ነው ዓሣው የሚወዛወዘው። ቫርኒሹን ደጋግሜ ቀባሁት፤ ካልሆነ ውኃ ይገባና እንጨቱ ያብጣል።

ምላሷን ያወጣሁት ከድስት ክዳን ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ የድስቴ ክዳን የት ገባ?» አለች ባለቤቴ።

«ዋና ሊማር ሄደ።»

«ይመለሳል?»

«ዓሣ ይዞ ይመለሳል።»

«የያዛችሁትን እየለቀቃችሁ ምኑን ይዞ ነው የሚመለሰው!»

እውነቷን ነው፤ መስኪ አይበላም። ይያዛል፣ ይታያል፣ ይለቀቃል። በዚህ የተነሳ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ መሳቂያ አድርገውኝ ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬስ ስንቱን ዓሣ ሰላም ብለው መጡ?» ይሉኛል። ይሳቁ። ጎረቤቴ ያቺን የእንጨት ዓሣ ገንዳ ውስጥ አድርጎ ሲጎትታትና ስትወዛወዝ ሲያያት ምን እንዳለኝ አልሰሙም። «አንተ ካርፔንተር ነህ» አለኝ። ጠይቆኝ አይደለም፣ ነገረኝ እንጂ። አሜሪካ ከገባሁ በሥራዬ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከፊት ያለችው ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የኔ ሆነች። ሳምንቱን ሙሉ መኪና አቆማለሁ፣ አመሻሹን ጋራዥ ውስጥ እልጋለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቴ ፒክአፕ ጀልባዋን ከኋላ አስከትሎ በሬ ላይ ይቆማል። ብዙ አናወራም። ከቴርሞስ ቡና እንጠጣለን፣ እንወረውራለን፣ እንጎትታለን። አንዳንድ ቀን መስኪው ከእንጨት ዓሣዬ ኋላ ኋላ እየተከተለ እስከ ጀልባዋ ድረስ ይመጣል። ይቆማል። ያያታል። ይመለሳል። ሥራዬን መርምሮ አልተስማማኝም ብሎ የሄደ ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያው በጋ አንድም አልነከሰም። ቢሆንም አልከፋኝም፣ ወንበሬ ላይ ነበርኩ።

በሁለተኛው ዓመት የባለቤቴ የአክስት ልጅ ዲቪ ደርሶት መጣና ከቤታችን ሥር ያለው ቤዝመንት ውስጥ ገባ። ጎጃም ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥል የኖረ መሪጌታ ነው። በዕድሜ ከኔ በደንብ ያንሳል፤ ማዕረጉን አክብሬ ግን አንቱ እለዋለሁ፣ እሱም ጋሼ ይለኛል። ሲታክ አንድ ሆቴል ላውንደሪ፣ አንሶላ ማጠቢያው ክፍል፣ ቀጠሩት። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን አፉ አያርፍም። አንድ ቀን ጋራዥ ገብቶ በገመድ ያሰጣኋቸውን የእንጨት ዓሦች አያቸው።

«ጋሼ፣ ምንድን ናቸው እነዚህ?»

«ዓሣ።»

«ለምን አረንጓዴ ሆኑ?»

«የነበረኝ ቀለም አረንጓዴ ስለሆነ።»

«ዓይንስ የላቸውም?»

«ይኸው። ሚስማር መትቼበታለሁ። የሚስማሩ ራስ ዓይኑ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ዕውር ነው! ማን መርቶት ነው የሚዋኘው?»

አፉን እንዲይዝልኝ አንዱን አንስቼ ሰጠሁት። «እንኩ፣ ዓይን ያብሩለት» አልኩት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ይዞት መጣ። ምን ልበላችሁ። ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ ቢጫ፣ ቅርፊቱ አንድ በአንድ በቀይ መስመር የተከበበ፣ ልክ እንደ መልአክ ክንፍ። ከዚያ ዓይኑ። በአንድ ጎኑ ሁለት ዓይን። ገልብጬ አየሁት፣ በዚያኛውም ጎኑ ሁለት። ትልልቅ፣ ነጫቸው የበዛ፣ ብሌናቸው ጥቁር፣ ቀጥ ብለው ሰው ላይ የሚያፈጡ።

«መሪጌታ፣ በአንድ ጎን ሁለት ዓይን ያለው ዓሣ የት አዩ?»

«በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሣለውማ ሰይጣንና ይሁዳ ነው» አለ። «ይህ ምስኪን ምን አጠፋ?»

«ምን አጠፋ! ዓሣ ሊያታልል አይደለም የተሠራው? ሆዱ ሥር መንጠቆ ደብቆ የሚዞር ጻድቅ አለ?»

«መንጠቆውን ያደረጉበት እርስዎ ነዎት ጋሼ። ኃጢአቱ የእርስዎ ነው፣ የሱ አይደለም።»

በሳቅ ሞትኩ። አራት ዓይና ዓሣ! ለጎረቤቴ አሳየውና አብረን እንስቃለን ብዬ ያን ቅዳሜ ሣጥኔ ውስጥ ከተትኩት። ለመሳቂያ ነው የወሰድኩት፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

ሐይቁ መካከል ደርሰን አውጥቼ ሰጠሁት። አልሳቀም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ወደ ፀሐይ አዙሮ፣ በአውራ ጣቱ ቅርፊቱን ዳሰሰው። ከዚያ የራሱን ፈትቶ እሱን አሰረና ወረወረ።

ገና ጥቂት እንደጎተተ ውኃው ፈነዳ። ሌላ የምለው ቃል የለኝም። የማጥመጃው ዘንግ ጎበጠ፣ ጀልባዋ ዘወር አለች፣ ጎረቤቴ እንደ ሕፃን ጮኸ። መስኪው እንደ ነብር ዥንጉርጉር የሆነ ጎኑን እያሳየ ወጣ። በመረብ ያዝኩት፣ መንጠቆውን በጉጠት አወጣን፣ ጎረቤቴ ጭራውን ይዞ ውኃ ውስጥ እያወዛወዘ ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠበቀና ለቀቀው።

«ማን ነው የሠራው?» አለኝ።

«እኔ» አልኩት።

«አይ፣ ዓይኖቹን።»

ያን ጊዜ ነው ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ የተቀመጠው። አካሉ የኔ ነው፣ ሽቦው የኔ ነው፣ እርሳሱን የት እንደማፈስ ለማወቅ ስንት እንጨት አበላሽቻለሁ። ሰውየው ግን የሚያወራው ስለ ዓይን ነው። «ቤቴ የሚኖር ሰው ነው» አልኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ መኪና ሲነዳ ስለዚያ ሰው ጠየቀኝ። የት ተማረ? ቤተ ክርስቲያኖቹ ምን ያህል ትልቅ ናቸው? ስለ ደሴ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።

በማግስቱ ከሰዓት በአጥሩ ላይ ጠራኝ። «ሊሰን» አለኝ፣ «የሚመጣው ቅዳሜ አርቲስቱን ብወስደው ዱ ዩ ማይንድ?» ቅር ይልሃል ወይ ማለቱ ነው።

«ኖ ፕሮብሌም» አልኩት። «ይሂድ።»

እንግዲህ ማንም ሐበሻ የሚያውቀው ነገር ነው። ሰው ይሂድ ሲል ይሂድ ማለቱ አይደለም። ትንሽ ይግደረደራል። ሌላው ደግሞ «ኧረ አይሆንም፣ ያላንተማ እንዴት ተደርጎ!» ይላል። አንተ «ግድ የለም» ትላለህ፣ እሱ «በሞቴ» ይላል፣ ከዚያ ነገሩ በቦታው ይሆናል። እኔ ያን ኧረ አይሆንም እየጠበቅሁ ቆምኩ። ጎረቤቴ «ግሬት! ታንክ ዩ!» አለና አጥሩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ቤቱ ገባ።

እሺ፣ እሱ ፈረንጅ ነው ብዬ ወደ ቤዝመንት ወረድኩ።

«መሪጌታ፣ ፈረንጁ ቅዳሜ ዓሣ ማጥመድ ሊወስድዎ ይፈልጋል።»

«እርስዎስ ጋሼ?»

«እኔ ሥራ አለኝ፤ እርስዎ ይሂዱ።»

ቅዳሜ ሥራ እንደሌለኝ ያውቃል። አየኝ። አየሁት። አሁን «ያለ እርስዎ አልሄድም» ይላል ብዬ ደረጃው ላይ እጄን አስደግፌ ቆሜያለሁ።

«እንግዲያው እሺ» አለ።

ሁለት ቃል ብቻ!

ያን ቅዳሜ የፒክአፑን ድምፅ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት። በሩ ሲከፈት፣ በሩ ሲዘጋ። ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ አንድ እንጨት እንኳ አልነካሁም። ማታ መሪጌታ ፊቱ በፀሐይ ቀልቶ መጣ። መስኪው ከቤተ ክርስቲያን በር እንደሚወጣ ሰው ቀስ ብሎ እንደመጣ፣ ዓይን ለዓይን እንደተያዩ፣ ከዚያ የእንጨት ዓሣውን እንዴት እንደዋጠው ይተርካል። ባለቤቴ አፏን ከፍታ ትሰማዋለች። እኔ ስነግራት እኮ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የጠየቀኝ የለም። ፒክአፑ መጣ፣ መሪጌታ ወጣ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ኮፍያ አድርጎ መጣ። የጎረቤቴን ኮፍያ! አሮጌ ነው፣ ከፊቱ ላይ መስኪ የተሰፋበት፣ ያባቱ ነበር ይላል። ለኔ ኮፍያ ሰጥቶኝ አያውቅም። ፀሐይ ግንባሬን ስታነድደው እያየ ዝም ያለ ሰው ነው።

«መስኮት ላይ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ ባለቤቴ አንድ ቅዳሜ።

«አየሩን እያየሁ።»

«ከጠዋት ጀምሮ? አየሩ ከተቀየረ እኔ እነግርሃለሁ፣ ና ቁርስህን ብላ።»

ዝናብ እንዲዘንብ ነበር የምፈልገው። ሲያትል ዓመቱን ሙሉ የሚያፈሰውን ዝናብ ያን በጋ ነፈገኝ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሰማዩ ልክ እንደ መሪጌታ ቀለም ሰማያዊ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ደግሞ የሚያሾፉብኝ ሁሉ እሱን ከበው «እስቲ መሪጌታ፣ ያን ዓሣ ያሳዩን» ይላሉ። በእጁ ርዝመቱን ያሳያል። እኔን ሰላም ብለው መጡ ወይ ያሉኝ ሰዎች ለሱ ያጨበጭባሉ።

መጥረብ አቆምኩ።

«ጋሼ፣ የምሥልበት አካል አለቀብኝ እኮ» አለኝ አንድ ቀን።

«እንጨት የለም።»

ሲዳሩ ከኋላዬ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። እሱም አየው፣ እኔም እንዳየው አየሁ። አንድ ቁራጭ ፈቃድ ጠይቆ ወሰደና ራሱ ሊጠርብ ተቀመጠ። አልከለከልኩትም። ሞረዱን በግልባጩ ሲይዝ እያየሁ አላረምኩትም። ሠርቶ፣ ሥሎ፣ አድርቆ መታጠቢያ ገንዳውን ውኃ ሞላና ጨመረው። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

የእንጨት ዓሣው ቀስ ብሎ በጎኑ ጋደም አለ። ሁለቱ ዓይኖች ጣሪያውን አፍጥጠው ያያሉ።

«ጸሎት ላይ ነው?» አልኩት።

አልሳቀም። እጅጌውን እንደጠቀለለ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ እኔ ምን አድርጌዎት ነው?»

«ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ምን አደረግሁዎ ይሉኛል?»

«ራስዎ ይሂዱ አሉኝ እኮ!»

«መሪጌታ! ፈረንጁስ ይሁን፣ አያውቅም። እርስዎ ሐበሻ አይደሉም? ይሂዱ ስለተባለ ይኬዳል?»

ውኃውን በጣቱ ገፋ። ዓሣው ተንሳፍፎ ሄዶ ግድግዳውን መታ። «አልዋሽዎም» አለ። «ገብቶኝ ነበር። ሲናገሩ ፊትዎን አይቻለሁ። ግን ጋሼ፣ ሳምንቱን ሙሉ የማላውቀው ሰው የተኛበትን አንሶላ ሳጥፍ ነው የምውለው። በቁጥር ነው የሚጠሩኝ። ያ ሰውዬ አርቲስት አለኝ። እንዴት ብዬ ልግደርደር? ብግደረደርና ቢተወኝስ?»

የባሰ ተናደድኩ። ክፉ ቃል ቢመልስልኝ ኖሮ እጣላው ነበር። እኔንም እኮ ካርፔንተር ያለኝ ያ ፈረንጅ ብቻ ነው። ይህንን ለመሪጌታ አልነገርኩትም። «ገንዳውን ያፍስሱ፣ ሴትየዋ ትጮህብናለች» ብዬው ወጣሁ።

የዚያኑ ሰሞን እሑድ ልጄ ከማውንትሌክ ቴራስ ልትጠይቀን መጥታ ጓሮ ተቀምጠን ሳለን ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ብቅ አለ። ከቀሩት የእንጨት ዓሦች አንዱ ሐይቁ ውስጥ ካለ የሰመጠ ግንድ ጋር ተይዞ ቀርቷል፣ ሌላውን መስኪ አኝኮ ምላሱን ገንጥሎታል። «ካርፔንተር፣ እባክህ ጥቂት ሥራልኝ» አለኝ።

«ኖ» አልኩት።

«ለምን?»

ፊቴን ወደ ልጄ አዞርኩ፣ ከዚያ መለስኩና በራሴ አፍ ተናገርኩ። «ማይ ቼር» አልኩት።

«ዋት ቼር?»

«ጀልባ ላይ ያለው። ማይ ቼር። ጊቭ ባክ።»

ሰውየው ግራ ገባው። «እንዲሄድ የነገርከኝ አንተ ነህ! ኖ ፕሮብሌም አልከኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት የሰለቸህ መሰለኝ፣ አዝኜ ነበር።»

«አባዬ» አለች ልጄ፣ «ኖ ፕሮብሌም ብለኸዋል?»

«ብዬዋለሁ።»

«ሶ?»

«ሶ ምን? አንድ ጊዜ ነው ያልኩት! ሁለተኛ አልጠየቀኝም!»

ልጄ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ በእንግሊዝኛ ትነግረው ጀመር። ሁሉንም አልያዝኩትም፣ ግን «ስሪ ታይምስ» ስትል ሰማሁ። ሦስት ጊዜ ካልጠየቅኸው አይሆንም አለችው። ጎረቤቴ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ጣቶቹን አወጣ። «ሦስት ጊዜ? ለሁሉ ነገር?»

«ለሁሉ ነገር» አለችው። «ምግብ ላይማ ከዚያም ይበልጣል።»

ሽማግሌው አጥሩን ይዞ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወንበሬን ስጠይቅ እንጂ ሳስቅ አልነበርኩም። አይቶኝ አቆመና «ቅዳሜ፣ ሰባት ሰዓት» አለኝ። በነሱ አቆጣጠር ነው፤ በኛ አንድ ሰዓት።

ቅዳሜ ጠዋት ፒክአፑ ሲመጣ መሪጌታም ወጣ። ኮፍያውን አድርጓል። ማንም አልነገረው ይሆን፣ ነግረውት ዕድሉን ሊሞክር ይሆን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለታችንም በሩ ጋ ቆምን። ጎረቤቴ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ያያል፣ ጣልቃ አልገባም።

ምላሴ ልማዱን አይተውም። «ይሂዱ እንጂ መሪጌታ» አልኩ።

«የለም ጋሼ፣ ዛሬስ እርስዎ ይሂዱ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ኧረ አይሆንም» እል ነበር። ምናልባትም እሱ የጠበቀው ያንን ነው። ገባሁና በሩን ዘጋሁት። መስተዋቱ ውስጥ ሳየው አስፋልቱ ላይ እንደቆመ ነው፣ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞታል። ያሳዝናል። ቢያሳዝንም አልወረድኩም።

መንገዱን ሙሉ ጎረቤቴ ያወራኝ ምን ይመስላችኋል? ስለ መሪጌታ። ጀልባ ላይ ሆኖ መዝሙር እንደሚያዜም፣ የመስኪውን ጥርስ በወረቀት እንደሣለለት። ወንበሬን እንጂ ወሬውን እንዳላስመለስኩ ያን ጊዜ ገባኝ። በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ «ያ፣ ያ» እላለሁ።

ሐይቁ ላይ ስንደርስ ቴርሞሱን ከፈተ።

«ቡና ትፈልጋለህ?»

«የስ» አልኩት።

«አይሆንም! ኖ ማለት አለብህ። እንደገና። ቡና ትፈልጋለህ?»

«ስጠኝ ቡናውን።»

ሳቀ፣ ቀዳልኝ። ውኃው ጸጥ ብሏል። ወንበሬ በጤዛ ርሶ ሱሪዬን አቀዘቀዘው፣ ያም ሆኖ ደስ አለኝ። ሣጥኑን ሲከፍት ውስጡ አንድ የቀረች የመሪጌታ ዓሣ አለች፣ በአራት ዓይኗ ታፈጣለች። አጠገቧ ወንበሬ ከተመለሰልኝ ወዲህ ጠርቤ ትናንት የጨረስኳት፣ አረንጓዴዋ፣ ዓይኗ ሚስማር።

የመሪጌታዋን አንስቶ ዘረጋልኝ። «ዛሬ አንተ እሰራት። ዕድለኛ ናት።»

«ኖ» አልኩት።

ፈገግ አለ፣ ጣቱን አወጣ፣ አንድ ማለቱ ነው። «ካም ኦን፣ እሰራት።»

«ኖ።»

ሁለተኛ ጣቱን አወጣ። «አሁን ገብቶኛል፣ ባህልህን ተማርኩልህ» የሚል ፊት አለው። ዓሣዋን እጄ ላይ ሊያስቀምጥ ጎንበስ ብሎ «ፕሊስ» አለኝ።

«ኖ» አልኩት ለሦስተኛ ጊዜ፣ እጄንም ሰበሰብኩ።

ይህ የእውነቱ እንቢ ነበር። ልዩነቱን ይወቀው አይወቀው እንጃ፣ ትከሻውን ሰበቀና ራሱ አሰራት። እኔ አረንጓዴዋን አሰርኩ፣ በቻልኩት ሁሉ አርቄ ወረወርኩ። እየተወዛወዘች፣ ቀጥ ብላ፣ አንድም ጊዜ በጎኗ ሳትጋደም መጣች። እንደዚያ የምትሄድ ዓሣ ሠርቼ አላውቅም። ማንም አልተከተላትም። ደግሜ ወረወርኩ።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ከኋላዬ ውኃው ፈነዳና ጎረቤቴ ጮኸ። የሱ ናት፣ ባለ አራት ዓይኗ። ዘወር አልኩና መረቡን ያዝኩለት፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ።